ማንንም ሳይጠይቁ ለመቆየት፦ የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ በጎ ፈቃደኛ የቦርሳ አዘገጃጀት

ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ወዳጠቃው አካባቢ የሚደርስ የሬዲዮ በጎ ፈቃደኛ የሚያመጣው የመገናኛ አገልግሎት ብቻ አይደለም። የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ መኝታና መጸዳጃ የሚፈልግ አንድ ተጨማሪ ሰውም ይዞ ይመጣል፤ ራሱን። ውኃ በጠፋበት ቦታ ውኃ የሚጠይቅ፣ ብርድ ልብስ ባጠረበት መጠለያ ብርድ ልብስ የሚቀበል ከሆነ፣ ሬዲዮው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በተጎጂዎቹ ላይ ሸክም ጨምሯል። ስለዚህ የማንንም ቦርሳ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ከማንም አንዳች ሳይጠይቅ ስንት ሰዓት ይቆያል?

በቡድናችን ውስጥ ከስምሪት በፊት ቦርሳ የምፈትሸው እኔ ነኝ። ኦፕሬተሩ ዕቃውን ሸራ ላይ ዘርግፎ ያሳየኛል፤ እኔም አንድ በአንድ እያነሳሁ ለምን እንደያዘው እጠይቃለሁ። ወደ አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ግለሰቦች ፈቃድ አውጥተው ያለ ክፍያ ወደሚሠሩት የሬዲዮ መገናኛ፣ ከመግባቴ በፊት ለረጅም ጊዜ በነርስነት ስለሠራሁ፣ ዓይኔ ከአንቴናው ቀድሞ ካልሲውና መድኃኒቱ ላይ ያርፋል። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ሸራ ዙሪያ ዘወትር የምናገረውን ነው።

ዕቃው ሦስት ቦታ ይከፈል

ሁሉንም ነገር አንድ ሻንጣ ውስጥ የከተተ ሰው ሻንጣው የተለየው ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል። መለየቱ ደግሞ የተለመደ ነው። መኪናው ቁስለኛ ለማድረስ ይመለሳል፤ ድልድይ ተሰብሮ ቀሪው መንገድ በእግር ይሆናል፤ ወይም እናንተ ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው በድንገት ትዛወራላችሁ። ስለዚህ ዕቃችሁን በገላችሁ ላይ በሚሆን፣ በትንሽ ቦርሳ በሚያዝና በትልቅ ቦርሳ በሚገባ ክፈሉት።

በገላችሁ ላይ የሚሆነው ስትተኙም የማይለያችሁ ነው፦ የእጅ ሬዲዮ፣ መታወቂያና የኦፕሬተርነት ፈቃድ ቅጂ፣ ትንሽ ደብተርና እርሳስ፣ የግንባር መብራት፣ ፊሽካ፣ ሴንጢ፣ የአንድ ቀን መድኃኒት። ትንሹ ቦርሳ 24 ሰዓት ያቆያችኋል፤ ከወንበራችሁ ሥር ይቀመጣል እንጂ መኪና ውስጥ አይቀርም። ትልቁ ቦርሳ 72 ሰዓት ያደርሳችኋል። ስታዘጋጁ አንድ ፈተና አድርጉ። ትልቁን ቦርሳ ወደ ጎን ገፍታችሁ «ይህ ጠፍቷል» በሉና በቀረው ብቻ እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ሥራ መሥራት ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አይ ከሆነ፣ የጎደለው ዕቃ ወደ ትንሹ ይሻገር።

ስለ ክብደቱ እኔ የምከተለው ልክ ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛውን አለማለፍ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ይሸከም። ይህ ልክ ጠባብ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ ብቻውን አንድ ኪሎ ነው። ጥበቱ ግን ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ያስገድዳል።

ኃይል፦ ስሌቱን ቤት ሆናችሁ ሥሩት

ከሁሉም ክርክር የሚያስነሳብኝ ባትሪ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ባትሪ የሚይዘው በግምት ነው። ግምቱን ትታችሁ ሒሳብ ሥሩ። 5 ዋት የሚያወጣ የተለመደ የእጅ ሬዲዮ ሲናገሩበት 1.5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ድምፅ እያሰማ ሲያዳምጥ ደግሞ 0.15 አምፔር ገደማ። በሥራ በተጠመደ የመገናኛ መረብ ላይ አንድ ጣቢያ ከሰዓቱ አንድ አሥረኛውን ይናገራል፣ ቀሪውን ያዳምጣል ብንል፣ በሰዓት የሚጠፋው 0.285 አምፔር-ሰዓት ነው። ባለ 2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ እንግዲህ 7 ሰዓት ያህል ይሠራል። አዲስ ሲሆን ነው ይህ፤ ያረጀ ባትሪ ወይም ብርድ የበዛበት ሌሊት ከዚያ ይቀንስበታል። ለ24 ሰዓት ባትሪ ሳትሞሉ መቆየት የምትፈልጉ ከሆነ አራት ባትሪ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። የራሳችሁን ሬዲዮ መመሪያ አውጥታችሁ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ፤ የእኔ ቁጥር የእናንተ አይደለም።

ሪፒተሩ፣ ማለትም ምልክታችሁን ተቀብሎ መልሶ የሚያሠራጨው ጣቢያ፣ በዝቅተኛ ኃይል ከሰማችሁ በ1 ዋት ሥሩ። ያንኑ ባትሪ ወደ 10 ሰዓት ያደርሰዋል። መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ መሞከርና አልሰማም ካሉ ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ተጨማሪ ባትሪ ከመሸከም ይቀላል።

50 ዋት የሚያወጣ የመኪና ሬዲዮ የሚይዝ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ሲናገር 10 አምፔር ገደማ፣ ሲያዳምጥ ግማሽ አምፔር ይስባል። በዚያው የአንድ አሥረኛ ልክ በሰዓት 1.45 አምፔር-ሰዓት ይጠፋል፤ ለ12 ሰዓት ፈረቃ 17.4 ይሆናል። ባለ 20 አምፔር-ሰዓት የሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ይህን ይሸፍናል፤ ክብደቱም 2.5 ኪሎ ገደማ ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ መሟጠጥ ስለሌለበት፣ ለተመሳሳዩ ሥራ 40 አምፔር-ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ እሱም ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሰው በጀርባው የሚሸከመው ከሆነ ምርጫው ግልጽ ነው። ሊትየም አይረን ፎስፌትን ግን ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባለ ብርድ አትሙሉት፤ ውስጡ ይጎዳል። ቀዝቃዛ ሌሊት ካደረ መጀመሪያ ይሙቅ።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ገደብ አለበት። መለዋወጫ የሊትየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዛል፤ ተመዝግቦ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ በመንገደኛ አውሮፕላን ከተጓዥ ጋር አይሄድም። ዋት-ሰዓት ማለት ቮልቱ በአምፔር-ሰዓቱ ሲባዛ ነው። 12.8 ቮልት በ7 አምፔር-ሰዓት 89.6 ይሆናልና ያልፋል። ያ ባለ 20 አምፔር-ሰዓት ግን 256 ስለሆነ መግቢያው ላይ ይቀራል። ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኑ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ጎን እንዲታይ አድርጉ።

ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ሽቦው መሀል ላይ ቢላጥና ቢነካካ እሳት የሚከለክለው ከባትሪው ጫፍ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ያለው ፊውዝ ነው፤ ሬዲዮው ጀርባ ያለው ፊውዝ ለዚያ አይደርስም። ከእያንዳንዱ ዓይነት መለዋወጫ ያዙ። ለማገናኛ ብዙ የአደጋ ጊዜ ቡድኖች አንደርሰን ፓወርፖል የተባለውን ይጠቀማሉ፤ ጥቅሙ የእናንተ ባትሪ በሌላው ሰው ሬዲዮ ላይ መሰካቱ ነው። ቡድናችሁ ቀዩንና ጥቁሩን የሚያጣምርበት አንድ አቀማመጥ ይኑረው። ከማታውቁት ሰው ጋር ከመገናኘታችሁ በፊት ግን በመልቲሜትር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ለኩ። ሁሉም ሰው ያንኑ አቀማመጥ ይከተላል ብላችሁ አትመኑ።

የድንጋይ ባትሪ የሚቀበል ተጨማሪ የባትሪ ቤት ለሬዲዮአችሁ ካለ ግዙት። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ ሊገኝ የሚችለው እሱ ነው። በቦርሳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ግን ከአልካላይን ይልቅ የማይሞላውን ሊትየም እመርጣለሁ፤ ይቀላል፣ ብርድ ይችላል፣ እንደ አልካላይን ፈስሶ ዕቃ አያበላሽም። የፀሐይ ፓኔል ለረጅም ቆይታ ጥሩ ነው፤ ሆኖም መቆጣጠሪያው ብዙ ጊዜ በአጭር ሞገድ ላይ ጩኸት ይፈጥራልና ደካማ ጣቢያ ስታዳምጡ ንቀሉት።

አንቴና፦ ከዋቱ በፊት ከፍታው

ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ለጉዞ የሚመች እንጂ ለሥራ የሚበቃ አይደለም። የእጅ ሬዲዮዎች በሚሠሩባቸው የቪኤችኤፍና የዩኤችኤፍ ሞገዶች የሚወስነው ከፍታ ነው። የሬዲዮ አድማሱ በኪሎሜትር የሚገኘው የአንቴናው ከፍታ በሜትር ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ4.12 ሲባዛ ነው። በ2 ሜትር ከፍታ ያለ አንቴና 5.8 ኪሎሜትር ያያል፤ ያንኑ አንቴና ወደ 9 ሜትር ብታወጡት 12.4 ኪሎሜትር። ኃይሉን ከ5 ወደ 50 ዋት ብታሳድጉ ባትሪያችሁን በፍጥነት ትጨርሳላችሁ እንጂ ከአድማሱ ማዶ ያለው ተራራ አይነሳም። ስለዚህ በትንሹ ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ የምፈልገው ከባለ 300 ኦኸም ጠፍጣፋ የቴሌቪዥን ገመድ የተሠራ፣ የሚጠቀለል ጄ-ፖል አንቴና ነው። ለ145 ሜጋኸርትዝ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ይገባል። አብሮት 20 ሜትር ቀጭን ጠንካራ ገመድና በቅርንጫፍ ላይ የሚወረወር ትንሽ ከረጢት ይኑር። ከረጢቱ ባዶ ይሁን፤ ድንጋይ የትም አለ። ከመወርወራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የኤሌክትሪክ መስመር መኖር አለመኖሩን እዩ፤ የወደቀ መስመርም ኃይል አልተቋረጠበትም ብላችሁ ያዙት።

ኬብሉ ርዝመቱ በልክ ይሁን። አርጂ-58 የተባለው ቀጭን የአንቴና ኬብል በ145 ሜጋኸርትዝ 15 ሜትር ላይ ከላካችሁት ኃይል ግማሽ ገደማውን ይውጣል። እኔ 8 ሜትር የሚሆን አንድ፣ 3 ሜትር የሚሆን አንድ አስይዛለሁ።

የአጭር ሞገድ ኦፕሬተር የሚይዘው የሽቦ ዳይፖል፣ ማለትም ባለ ሁለት ክንድ የሽቦ አንቴና፣ ቤት ሆኖ ተቆርጦ፣ ተስተካክሎ፣ የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ በመለያ ላይ ተጽፎበት ይምጣ። 143 ለሜጋኸርትዙ ሲካፈል ጠቅላላ ርዝመቱን በሜትር ይሰጣል፤ ለ7.1 ሜጋኸርትዝ 20.1 ሜትር፣ በእያንዳንዱ ክንድ 10 ሜትር ያህል። ይህን ሽቦ ከ4 እስከ 6 ሜትር ባለ ዝቅተኛ ከፍታ ስትሰቅሉት ሞገዱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ አየኖስፌር ከተባለው የላይኛው የአየር ንብርብር ላይ ይመለሳል፤ ተራራና ሸለቆ ሳይገታው በዙሪያው ብዙ መቶ ኪሎሜትር ይሸፍናል። ለአደጋ ሥራ የምንፈልገው ይህንን ነው፤ ሌላ አህጉር ማነጋገር ሳይሆን ሦስት ወረዳ ተሻግሮ ያለውን ሆስፒታል። የአሜሪካ ሬዲዮ ሪሌ ሊግ፣ የአገሩ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር፣ ለስምሪት የሚያዘጋጀው ሣጥንም ሬዲዮ፣ የኃይል ምንጭ፣ ኬብሎችና የሽቦ ዳይፖል ውኃ በማያስገባ መያዣ አንድ ላይ የያዘ ነው። ተራራ ሥር በዝናብ ሽቦ እየቆራረጡ መለካት ብዙ ሰዓት ይበላል።

አንድ ትንሽ ቆርቆሮ የማገናኛ መለወጫ ደግሞ አትርሱ፦ ኤስኤምኤ፣ ቢኤንሲ፣ ፒኤል-259። የእጅ ሬዲዮዎች አንዱ ወንድ ኤስኤምኤ፣ ሌላው ሴት ኤስኤምኤ አላቸው። ከጎረቤታችሁ አንቴና ብትዋሱ የማይገጥመው በዚህ ነው። ከዚያ ቆርቆሮ ጋር ካቻቢቴ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ መልቲሜትር፣ ናስትሮ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያና ሁለት ሜትር ሽቦ ይበቃል። የመሣሪያ ሣጥን የሚያክል ነገር የሚያመጣን ሰው ግማሹን አስወጣዋለሁ።

ወረቀት

ስልካችሁ ላይ ያለ የፍሪኩዌንሲ ዝርዝር ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አትሙት፣ በላስቲክ አሽጉት። የአካባቢው ሪፒተሮች፣ የመቀበያና የመላኪያ ፍሪኩዌንሲ ልዩነታቸውና ሪፒተሩን የሚከፍተው የድምፅ ምልክት (ቶን)፣ ያለ ሪፒተር በቀጥታ የምትገናኙባቸው፣ እንዲሁም ዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት ለአደጋ ጊዜ የለያቸው ይኑሩበት፦ 14300፣ 18160 እና 21360 ኪሎኸርትዝ በዓለም ዙሪያ፤ በክልል 1 (አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ) ውስጥ ላለ ደግሞ 3760 እና 7110። አብሮ የሬዲዮአችሁን በእጅ የማስተካከያ ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጻፉ። በኮምፒውተር ብቻ ቻናል ማስገባት የለመደ ኦፕሬተር አዲስ ፍሪኩዌንሲ ሲታዘዝ ይቆማል፤ ያን ገጽ እያየ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል።

እርሳስ ከብዕር ይሻላል፤ በእርጥበትና በብርድ ይጽፋል። ሦስት እርሳስና መቅረጫ። የመልእክት ቅጽ በብዛት ያዙ፤ በእያንዳንዱ ላይ የመልእክት ቁጥር፣ የቅድሚያ ደረጃ፣ ከማን፣ ለማን፣ የቃላት ብዛት፣ የተላከበት ሰዓት ይኑር። የቃላቱ ቁጥር መልእክቱ ሳይጎድል መድረሱን የምናረጋግጥበት ነው። ደረጃዎቹን ከቅጹ ራስጌ ላይ ጻፏቸው፦ የሕይወት አደጋ፣ ቅድሚያ፣ የቤተሰብ ደኅንነት፣ መደበኛ። ሰዓታችሁን በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ አስተካክሉ። ከተለያየ ቦታ የመጡ ቡድኖች በየራሳቸው ሰዓት ከመዘገቡ የትኛው መልእክት እንደቀደመ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ቅጾቹ ላይ የሰዎች ስም፣ ሕመምና ሐዘን ይጻፋል። የሚዘጋ ከረጢት ያዙላቸውና ጠረጴዛ ላይ ተበትነው አይቀሩ። የጆሮ ማዳመጫ የምጠይቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጁን የሚፈልግ አባት በተቀመጠበት መጠለያ ውስጥ የሟቾች ዝርዝር በድምፅ ማጉያ መውጣት የለበትም። በተጨማሪ ጫጫታ ውስጥ ደካማ ድምፅ ትለያላችሁ፤ ባትሪም ይቆጥባል። ሁለት ያዙ፤ ሽቦው ቶሎ ይበጠሳል።

ድንበር ለሚሻገር ሰው የሬዲዮዎቹ ዓይነትና መለያ ቁጥር ዝርዝር፣ የፈቃዱ ቅጂና የጋባዡ አካል ደብዳቤ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈርሞ በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የታምፔሬ ስምምነት ለአደጋ እርዳታ የሚገባ የመገናኛ መሣሪያን እንቅፋት ለማቃለል የወጣ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ባጸደቁት አገሮች ስለሆነ ወረቀታችሁን አሟልታችሁ ሂዱ።

ገላችሁ

እዚህ ላይ ነርስነቴ ይነሳል። ሬዲዮው በየሰዓቱ አይደክምም፤ የደከመ ሰው ግን ቁጥር ያዛባል፣ «አራት አምፑል» የተባለውን «አርባ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ቀሪውን የቦርሳ ክፍል ለሰውየው እሰጣለሁ።

ለመጠጥ ብቻ በቀን 3 ሊትር ገደማ ውኃ ያስፈልጋል። ለ72 ሰዓት 9 ሊትር፣ ማለትም 9 ኪሎ ነው፤ ከላይ ከተናገርኩት ልክ ሦስት አራተኛውን ይወስዳል። ስለዚህ 3 ሊትር ተሸከሙ፤ ለቀሪው ማጣሪያ ወይም የክሎሪን እንክብል ያዙ። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ ከዚያ እንክብሉ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል፣ ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ፣ ይቆይ። እሳት ካለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፤ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ሦስት ደቂቃ። ጥቂት የኦአርኤስ ከረጢት ጨምሩ። ተቅማጥ የያዘው ኦፕሬተር ያለ እሱ ወንበሩ ላይ አይቆይም።

ምግባችሁ ውኃም እሳትም የማይፈልግ፣ በአንድ እጅ የሚበላ ይሁን፤ ሌላው እጅ እርሳስ ይይዛል። ጨው የበዛበት ያስጠማል። ከዚያ በፊት ቀምሳችሁ የማታውቁትን አታስገቡ፤ ሆዳችሁ እንግዳ ነገር የሚለምድበት ጊዜ አይደለም።

መድኃኒት የ7 ቀን ይሁን። ቦርሳው ለ72 ሰዓት ነው፣ ለምን 7 ቀን ይሉኛል። መንገድ ስለሚዘጋ፣ ስምሪትም ስለሚራዘም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ከመታ በኋላ ከቀይ መስቀል ጋር የተሰማሩት የአማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች የቆዩት ለሳምንታት ነበር፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ደግሞ በብዙ ቦታ ለወራት አልተመለሰም። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሦስተኛው ቀን ማብቂያ ላይ ከተጎጂዎች ሰልፍ ሊቆም አይገባም። ስም፣ መጠንና የመድኃኒት አለርጂ የተጻፈበት ወረቀት ከእሽጉ ጋር ይኑር። ኢንሱሊን የሚይዝ ሰው ማቀዝቀዣ እንደማይኖር አስቦ መያዣ ያዘጋጅ። መለዋወጫ መነጽር ያዙ፤ በተሰበረ መነጽር ፍሪኩዌንሲ አይነበብም።

ካልሲ ሦስት ጥንድ፣ በላስቲክ የታሸገ። እግሩ የረጠበ ሰው ሌላ ነገር አያስብም። ጥጥ ልብስ ሲረጥብ ያበርዳል፤ ከገላ የሚጠጋው ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሁን። የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ፣ የተፈተነና የተላመደ ጫማ። ሕንፃ ለፈረሰበት ቦታ ኤን95 ጭንብልና የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል፤ አቧራው ቀላል አይደለም። የሚታጠፍ ስስ ስፖንጅ ያዙ፤ ቀን ትቀመጡበታላችሁ፣ ሌሊት ጎናችሁ ሥር ይሆናል። የጆሮ መድፈኛና የዓይን መሸፈኛ ደግሞ እንደ ቅንጦት የሚያያቸው ሰው አለ፤ እኔ ግን ከሁለተኛ ሬዲዮ አስቀድማቸዋለሁ። መጠለያ አይተኛም፤ የፈረቃ ሰው ግን መተኛት አለበት።

ሳሙና፣ ሶፍት፣ ጥቁር ላስቲኮች፣ ለሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ከሚያስፈልገው በላይ። የወር አበባ ቀን ጠብቆ አይመጣም፤ ጭንቀት ያዛባዋል፣ መጠለያ ውስጥ የምትጠይቃችሁም አትጠፋም። ባንክና ስልክ የማይሠሩበት ጊዜ ነውና በዝርዝር ብር ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ከሸራው ላይ የማስወጣው

ሦስተኛ ሬዲዮ አስወጣለሁ። የፖሊስ የሚመስል ልብስና ብልጭታ አስወጣለሁ፤ ሰዎች የማትሰጡትን እርዳታ ከእናንተ ይጠብቃሉ። የጦር መሣሪያና መጠጥ ያለ ንግግር ይወጣሉ። መጥረቢያና መጋዝ የነፍስ አድን ቡድን ሥራ ነው። በዲጂታል ሥርዓት በሬዲዮ ኢሜይል በሚልከው ዊንሊንክ ላይ ካልተመደባችሁ ኮምፒውተሩን ቤት ተዉት፤ ከተመደባችሁ ግን ቻርጀሩንና የኬብሉን መለዋወጫ ጨምራችሁ ያዙ። ገና ከእሽጉ ያልወጣ አዲስ ዕቃ ግን ከሁሉም ይልቅ ያስቆጣኛል። ያልተፈተነ ዕቃ የሚፈተነው ሰው እርዳታ እየጠራ ባለበት ሰዓት መሆን የለበትም።

አደራደርና ሙከራ

እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ከረጢት ይኑረው፤ ኃይል ቀይ፣ አንቴና ሰማያዊ፣ ወረቀት ነጭ፣ ሕክምና አረንጓዴ፣ ቀለሙ እንደወደዳችሁ። በሬዲዮ «ቀዩን ከረጢት አምጡልኝ» ስትሉ የማያውቃችሁ ሰው እንኳ ያገኘዋል። የዝናብ ሽፋንና መብራት ከላይ ይሁኑ። ሁሉም ዕቃ ላይ የጥሪ ምልክታችሁን ጻፉ፤ ሁሉም ቻርጀር ይመሳሰላል። ውኃ የሚፈራው ሁሉ በዚፕ ላስቲክ ውስጥ ይግባ።

ከዚያ መብራት አጥፍታችሁ በአንድ እጅ ሥሩ። መለዋወጫ ባትሪውን፣ እርሳሱን፣ መድኃኒቱን በጨለማ ያላገኛችሁት ከሆነ ቦታው አይደለምና ቀይሩት። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከቦርሳው ብቻ ኑሩ። ቤታችሁ ውስጥ ሆናችሁ ከቧንቧ አትቅዱ፣ ሶኬት አትንኩ፣ ጓዳ አትግቡ፤ ሬዲዮውን ከፍታችሁ በየሰዓቱ ተገናኙ። የሚያስፈልጋችሁ ሆኖ ያላገኛችሁትን በደብተር መዝግቡ። ያ ገጽ ማንም ከሚሰጣችሁ ዝርዝር፣ ከዚህ ጽሑፍም ጭምር፣ ይበልጥ የእናንተ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሲነሳ፣ በባራቲ ፕራሳድ የሚመራ የሕንድ አማተር ሬዲዮ ቡድን ለሌላ ዓላማ በአንዳማን ደሴቶች ነበር፤ ከርቀት ጣቢያዎች ጋር ለመገናኘት። ሬዲዮአቸውና አንቴናቸው ተሰቅሎ ሲሠራ ስለነበር፣ ደሴቶቹ ከዓለም ሲቆረጡ የመገናኛ መስመር ሆኑ። ቦርሳ የሚዘጋጀው ለዚህ ዓይነት ቀን ነው፤ ማስጠንቀቂያ ለማይሰጥ።

በየሦስት ወሩ ክፈቱት። የምግብና የመድኃኒት ማብቂያ ቀኖችን፣ የራሳችሁን የልብስ ልክ፣ የተለወጠ ፍሪኩዌንሲን እዩ። የሊትየም ባትሪ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ በግማሽ ሙሌት ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል፤ ለአደጋ የተዘጋጀውን ግን እኔ ሞልቼ አስቀምጣለሁ፣ ቶሎ ቢያረጅም እቀይረዋለሁ። የዝርዝሩን ቅጂ በክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ለጥፉ፤ የመጨረሻ ፍተሻ የተደረገበትን ቀንም ጻፉበት።

ከስምሪት ስትመለሱ መጀመሪያ ባትሪዎቹን ሰኩ፤ የረጠበውን አንቴናና ኬብል ዘርግታችሁ አድርቁ፤ የተጠቀማችሁበትን ቅጽ፣ ኦአርኤስና የድንጋይ ባትሪ በዚያው ቀን ተኩ። ቅጾቹን ለቡድኑ አስረክቡ። ልብሱ ቢቆይ ይቆይ።